የተቀላቀለ ጥይት

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ምሳ በልተን ጥላ ፈልገን ተቀምጠን ሳለ ኃላፊያችን ሦስታችንን ለይቶ ወደ ቢሮው ጠራን። ጫሞ ሐይቅ ዳር ባለው ኬላ ከምንሠራው ሦስት የዱር እንስሳት ጥበቃዎች አንዱ ይነሳል አለ። የሚነሳው ሰው ዋናው በር ላይ ትኬት ቆራጭ ይሆናል። ማን እንደሚነሳ ደግሞ እኔ ሳልቀጠር በፊት አንዴ እንደተደረገው፣ በማግስቱ ጠዋት በኢላማ ተኩስ ይለያል። እያንዳንዳችን አምስት አምስት ጥይት እንተኩሳለን፤ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ የትኬቱን መስኮት ይረከባል።

«ማንም ቅር እንዳይለው ብዬ ነው» አለ ኃላፊው። «ጥይት ዘመድ የለውም።»

ይህን ሲል ያየው እኔን ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

መስኮቱ ለሌላ ሰው ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ ከከተማም ቅርብ ነው። ለእኔ ግን ከአዞ የባሰ ነገር ነበር። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል። አንድ ጊዜ ትኬት ቆራጩ ታሞ ለጥቂት ቀናት ተክቼው ነበር፤ ማታ ማታ ቤቴ ገብቼ የማላውቃቸው ሰዎች የጠየቁኝን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣ ነበር። በባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ስዞር ቆይቼ የጥበቃ ማስታወቂያ ሳይ የተመዘገብኩት፣ ጫኖ ያሉት ወላጆቼ «ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?» ሲሉኝ ዝም ያልኩት ለሐይቁ ብዬ ነው። ኬላው ላይ ጠዋት በጀልባ ወጥቶ የተከለከለ መረብ መፈለግ፣ ጉማሬዎቹ የት እንዳደሩ ማየት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ሥራው። ሰው የሚያናግረኝ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲመጡ ብቻ ነው፤ እነሱም ከእኔ ጋር ብዙ ማውራት አይፈልጉም።

ሌሎቹ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች የኬላ ባልደረቦቼ ናቸው። አንዱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከጨንቻ ደጋ ወርደው ዕድሜያቸውን እዚህ የጨረሱ ሰውዬ ናቸው። ሌላው ጎረምሳ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ እኔን «ዲግሪ» እያለ የሚጠራ። እሱ እንደማይወድቅ እናውቃለን፤ ጥሩ ተኳሽ ነው። ስለዚህ ፉክክሩ በእኔና በጋሼ መካከል ነበር።

ከቢሮው እንደወጣን ጥይት ለመምረጥ ወደ ንብረት ክፍል ሄድን። ስለ እኛ ጥይት አንድ ነገር ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። እኛ ጋ ጥይት ይቆጠራል እንጂ አይተኮስም። ፍተሻ በመጣ ቁጥር ሁሉም ጥበቃ ዝናሩን አራግፎ ጥይቱን አንድ ጆንያ ላይ ያፈሳል፤ ቁጥሩ ልክ ከሆነ መልሶ ከክምሩ ይታደላል። የትኛው የማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ፍተሻው ላይ ደግሞ የደበዘዘ ጥይት የያዘ ሰው ይቆጡታል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጥይቱን በአመድና በሎሚ ይወለውላል። ከዓመታት በኋላ ከተለያየ ፋብሪካ፣ በተለያየ ዘመን የተሠራው ሁሉ ተቀላቅሎ፣ ሁሉም እንደ ወርቅ አብርቶ አንድ ጆንያ ላይ ይተኛል። ሰዉም የሚመርጠው የሚያበራውን ነው።

እኔ ትንሽ አንብቤ ነበር። ወረቀት ለመምታት ጥይቱ ኃይለኛ መሆን የለበትም፤ እርስ በርሱ መመሳሰል ነው ያለበት። ባሩዱ በሙቀት ያረጀ ጥይትና አዲስ ጥይት አንድ ቦታ አይመቱም፤ ጠመንጃው ድንጋይ ላይ ታስሮ ቢተኮስ እንኳ። ስለዚህ የሚያበሩትን ትቼ እየገለበጥኩ ከቂጣቸው ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ጀመርኩ። ንብረት ያዡ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ምንድን ነው የምታነቢው? ጋዜጣ ነው?»

«ተመሳሳይ እየፈለግሁ ነው።»

«ሁሉም ጥይት ነው። አምስት ውሰጂና ውጪ፤ ልቆልፍ ነው።»

«ዲግሪ ጥይት ልታገባ ነው እንዴ? ዘር እየቆጠረች ነው» አለ ጎረምሳው። ሳቁ። ተመሳሳይ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነበር፤ ሦስቱን ከእጄ ሥር የገባውን አንስቼ ወጣሁ። በሩን ሳልፍ ንብረት ያዡ እንዲያ ያጣደፈኝ ሆን ብሎ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ጋሼ ከጆንያው ላይ ሳይመርጡ አንስተው ቀድመውኝ ወጥተው ነበር። ጥላው ዘንድ ስደርስ ጠሩኝ። ከኪሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ።

«እንካ ውሰድ» አሉኝ። አማርኛቸው አንዳንዴ ወንድና ሴት ይደባልቅባቸዋል፤ ወዲያው «ውሰጂ» ብለው አስተካከሉት።

ፈታሁት። አምስት ጥይቶች ናቸው፤ ተወልውለው የማያውቁ፣ እንደ ጭቃ የደበዘዙ።

«ምንድን ናቸው?»

«የአንድ ሣጥን ልጆች ናቸው። ድሮ ስንቀበል ጆንያው ላይ ሳላፈሳቸው ያስቀረኋቸው ናቸው። በእነሱ ተኩሺ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከጆንያው ወስጃለሁ።»

«ለምን ለእኔ?»

በግራ በቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ፤ እነዚህ ዝቅ ብለው ነው የሚመቱ። ጥቁሩ ላይ አታነጣጥሪ። ከጥቁሩ በላይ፣ የወረቀቱ ጫፍ ላይ አነጣጥሪ።»

ይህን ብለው ሄዱ። እኔ መሐረቡን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ ካሸነፍኩ መስኮቱ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። ታዲያ በገዛ እጁ ቦታውን የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ደግሞ ዝም ብለው ጥይት ቢሰጡኝ አንድ ነገር ነው። ግን «ጥቁሩን ትተሽ ወረቀቱ ጫፍ ላይ አነጣጥሪ» ማለታቸው! ዝቅ የማይመቱ ከሆነ አምስቱም በወረቀቱ ላይ አልፈው አፈር ይገባሉ።

ወደ ቤት ስሄድ ጎረምሳው በብስክሌት ደረሰብኝ።

«ሽማግሌው ምን ሰጠሽ?»

«ምንም።»

«እሺ፣ ምንም ይሁን። ባለፈው ጊዜ አብሮት የተወዳደረውን ልጅ ግን ታውቂዋለሽ? አታውቂውም። ለምን? ስለሌለ። እሱም እንዳንቺ ዝምተኛ ነበር።» ፔዳሉን ረገጠና ሄደ። ጥቂት ሄዶ ዞረ። «ተጠንቀቂ ለማለት ነው ዲግሪዬ!»

አሁን ደግሞ እሱን ጠረጠርኩት። ጋሼ የሰጡኝ ጥሩ ጥይት ከሆነ፣ እንዳልተኩስበት ፈልጎ ቢሆንስ?

የተከራየሁት ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው፤ ግቢው የአንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ነው፣ ማዘር እላቸዋለሁ። ገና ሳይመሽ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ማስመሪያዬን መሐሉ ላይ በክር አንጠለጠልኩ፤ በሁለቱ ጫፍ የለስላሳ ቆርኪ አሰርኩ። አንዱ ቆርኪ ላይ አንድ ጥይት፣ ሌላው ላይ ሌላ ጥይት አጋድሜ ማስመሪያው ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት ጀመርኩ። ከጆንያው ያመጣኋቸው እንደጠበቅሁት ነበሩ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የጋሼ ደብዛዛዎቹ ግን የትኛውን ከየትኛው ጋር ባስቀምጥ ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ማዘር ከመዘምራን ልምምድ ሲመለሱ አዩኝ።

«ምን እየመዘንሽ ነው?»

«ጥይት።»

«ኢየሱስ ጌታ ነው! ከማን ተጣላሽ?»

«ከማንም ማዘር። ነገ ወረቀት ልመታበት ነው።»

«ወረቀት ደግሞ ምን አደረገሽ?»

ሳቅሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ለእሳቸው መናገር አይከብደኝም። አጠገቤ ተቀምጠው አንዱን ደብዛዛ ጥይት በሁለት ጣታቸው እንደ እንቁላል አንስተው አዩት።

«ሳይለምኑት የሚሰጥ ሁለት ብቻ ነው» አሉ። «ወይ ጌታ ነው፣ ወይ ሌባ ነው።»

«ሌባ ከሆነ ምን ሊያገኝ ነው?»

«እሱን አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ።»

መስታወቴን መሬት ላይ አጋድሜ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አንከባለልኳቸው። አረሩ ቀለሃው ውስጥ ተጣሞ ከገባ ሲንከባለል ጫፉ ይወዛወዛል። ከጆንያው ካመጣኋቸው ሁለቱ እንደ ሰካራም ተወዛወዙ። የጋሼዎቹ ጫፍ አልተንቀጠቀጠም። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ጠረጠርኩ። ጥይቶቹ እውነተኛ ከሆኑ ውሸቱ ያለው ምክሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጥሩ ጥይት ሰጥቶ ወደ ሰማይ ማስተኮስ! ማስመሪያና መስታወት ጥይት መመሳሰሉን ይነግሩኛል፤ የት እንደሚመታ ግን አይነግሩኝም። ተኩሼ ልሞክር ብል ደግሞ ያሉኝ አምስት ብቻ ናቸው፤ አምስቱም ይቆጠራሉ።

ዓርብ ጠዋት ከቢሮው ጀርባ፣ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት ወደነበረው ጉድጓድ ወረድን። ከሩቁ ግድግዳ ሥር ዘንግ ተተክሎ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ መሐል የሻይ ሳህን የሚያህል ጥቁር ክብ አለ። ጥቁሩ ውስጥ የገባ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ኃላፊው፣ ንብረት ያዡና ሥራ የፈታ ሁሉ ቆሞ ያያል። ደብዛዛዎቹን በቀኝ ኪሴ፣ የጆንያዎቹን በግራ ኪሴ አድርጌያለሁ። ገና አልወሰንኩም ነበር።

ጎረምሳው ቀደመ። በሚያበሩት ጥይቶቹ ተኮሰ። ሦስቱ ጥቁሩ ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ላይ ሄዱበት። «ነፋስ ነው» አለ። ነፋስ አልነበረም። የሱን ዓይንና የሱን እጅ አውቃለሁ፤ አምስቱንም ሲስብ አልተነቃነቀም። የሳተው ጥይቱ ነው።

ያን ሳይ የግራ ኪሴን ተውኩት።

አዲስ ወረቀት ሲለጠፍልኝ ተኛሁ። ጋሼን በጎን አየኋቸው። ወደ ኢላማው አልነበረም የሚያዩት፤ ወደ እኔ ነው። የወረቀቱ ጫፍ ላይ አነጣጠርኩ። ጣቴ ቃታው ላይ አረፈ፤ አልሳብ አለኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ወረቀቱን እንኳ ሳላገኝ አምስት ጊዜ አፈር ስመታ ታየኝ። አፈሙዙን ዝቅ አድርጌ ልክ ጥቁሩ መሐል ላይ አነጣጠርኩና ተኮስኩ።

«ከታች!» አለ ኢላማውን በመነጽር የሚያየው ኃላፊ። «ከጥቁሩ ውጪ፣ ከታች።»

«ዲግሪ መሬት እያረሰች ነው!» አለ ጎረምሳው።

ጋሼ ምላሳቸውን ሲያጮሁ ሰማሁ። ያን ጊዜ ዝቅ ይመታሉ ማለታቸው እውነት መሆኑን አወቅሁ፤ ባለማመኔም አንድ ጥይት ከፈልኩ። ሆኖም ያች ጥይት ሌላ ነገርም ነገረችኝ። ከጥቁሩ መሐል የወረደችው አንድ መዳፍ ያህል ነው። የወረቀቱ ጫፍ ግን ከመሐሉ በሁለት መዳፍ ይርቃል። ጋሼ እንዳሉት ባነጣጥር ኖሮ ከጥቁሩ በላይ በመታሁ ነበር። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት። ይህን ለምን አደረጉ ብዬ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። በጥቁሩ የላይኛው ከንፈር ላይ አነጣጥሬ ሁለተኛውን ተኮስኩ።

«ገብቷል።»

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ተከተሉት። ቦታ ሳልቀይር፣ ትንፋሼን ብቻ እያዳመጥኩ ተኮስኳቸው። ኃላፊው ራሱ ሄዶ ወረቀቱን አየና መዳፉን አራቱ ቀዳዳዎች ላይ ዘረጋ፤ ሸፈናቸው።

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አለ።

መሬት መሬት አየሁ።

ጋሼ መጨረሻ ላይ ተኮሱ። ቶሎ ቶሎ ነው የተኮሱት፣ እንደተቸኮለ ሰው። አንዱ ዘንጉን መታ። ሁለቱ የወረቀቱን ዳር ቀደዱ። ሁለቱ የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ጥቁሩ ውስጥ የገባ አልነበረም። ጋሼ ግን ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ፤ ጠመንጃቸውን ለንብረት ያዡ ሲያስረክቡ ፊታቸው ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው ነበር።

«አንቺን ሊጥል ሲል ራሱ ወደቀ» አለኝ ጎረምሳው ስንወጣ።

ኬላው ላይ ቀረሁ፤ የፈለግሁት ሆነልኝ። ቀኑን ሙሉ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ያ ፊት ምን ማለት ነበር? ሆን ብለው ነው የሳቱት? ሆን ብለው ከሆነ ምን ፈልገው ነው? ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ምን ሊጠይቁኝ ነው? ማዘር «ወይ ጌታ ነው፣ ወይ ሌባ» ያሉት ነገር አልለቅ አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐይቁ የሚወስደን ፒክአፕ ከመድረሱ በፊት ዋናው በር ሄድኩ። ልጠይቃቸው ቆርጬ ነበር፤ በመንገድ ሁሉ ቃላቱን ስለማመድ ነው የሄድኩት። ጋሼ ከመስኮቱ ጀርባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ጥራዝ ትኬት አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው፣ ከዚያ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው ያያሉ። እኔ መስኮቱ ፊት ቆሜያለሁ። አላዩኝም።

«ጋሼ።»

ደነገጡ። ጥራዙን ጠረጴዛው ሥር ከተቱት። «ማን ነው? አንቺ ነሽ? ገና በጠዋቱ ምን ፈለግሽ?»

የተለማመድኩት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። «አይታይዎትም» ነው ያልኩት።

«ይታየኛል።»

«ትኬቱን ገልብጠው ነው የያዙት።»

በመስኮቱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሐሙስ እኔ እሳቸውን ባየሁበት ዓይን አዩኝ። «ለማን ልትነግሪ ነው?»

«ለማንም።»

«ሰው እንዲያ ብሎ ነው የሚጀምረው።»

«ለምን ለኃላፊው አይነግሩትም? ራሱ መስኮቱን ይሰጥዎ ነበር።»

«ዓይኔ ደከመ ካልኩት መስኮት አይሰጠኝም፤ ወደ ቤት ነው የሚሸኘኝ። ጡረታዬ ገና ነው። ስለዚህ መሸነፍ ነበረብኝ። በወግ፣ ሰው ፊት።»

«መሸነፍ ምን ይከብዳል? ዝም ብሎ መሳት ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁ። «ባለፈው ጊዜ እኮ ሞክሬዋለሁ። ለመሳት ብዬ ወደ ግድግዳው ስተኩስ ጥቁሩ ውስጥ ገባልኝ። ያ ዓይናማ ልጅ ደግሞ እያነጣጠረ ሳተ። እሱ ተነሣ፤ እኔ ጀግና ተብዬ ኬላ ቀረሁ። እሱ ተናዶ ሥራውን ለቆ ሄደ። የተቀላቀለ ጥይት ዕውርና ዓይናማ አይለይም ልጄ። ዘንድሮ እንዲያ እንዳይሆን ነው ያን የሰጠሁሽ።»

«ታዲያ ወረቀቱ ጫፍ ላይ አነጣጥሪ ያሉኝስ? እንዳሉት ባደርግ በላይ ያልፍ ነበር።»

«ወረቀቱ ጫፍ የቱ ጋ እንደሆነ እኔ መች አይቼው አውቃለሁ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ጥራዙን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው በቁም ነገር አሳዩኝ። «ቀለሙን አምኜ ነበር የመጣሁት። ድሮ አረንጓዴው የአገሬው፣ ቢጫው የፈረንጅ፣ ቀዩ የተማሪ ነበር። አሁን ሁሉንም ነጭ አድርገው አትመውታል። የማን ከየት ልለይ?»

ወደ መንገዱ ዞርኩ። አንድ አውቶቡስ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ተማሪዎች በየመስኮቱ ብቅ ብለው ይጮኻሉ፤ አስተማሪያቸው ወርዶ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ከአውቶቡሱ ኋላ ፒክአፓችንም ደረሰ፤ ጎረምሳው ከላይ ቆሞ «ዲግሪ፣ ነይ እንጂ!» ይለኛል።

ጋሼ አልለመኑኝም። ጥራዞቹን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና ወንበሩን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁ። ይህንንም አስቀድመው አስበውበት ይሆን ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

በጎን በር ገባሁ። የትኛው ጥራዝ የተማሪ፣ የትኛው የአገሬው እንደሆነ አነበብኩላቸው፤ የተማሪውን አንድ ማዕዘኑን፣ የፈረንጁን ሁለት ማዕዘኑን አጠፍኩ፣ በጣታቸው እንዲያውቁት። እስኪለምዱት ድረስ ግን ሰዉ ቆሞ ሊጠብቅ ነው። ፒክአፑን በእጄ «ቆይ» አልኩት። አስተማሪው መስኮቱ ላይ ደርሶ ጎንበስ አለ፤ ከኋላው ሃያ ፊት ይመለከተኛል። የተማሪውን ጥራዝ ወደ እኔ ሳብኩ።

«ስንት ናችሁ?» አልኩት።